ኔትወርኩን ተወው፣ ቀኑን እየው

ጥያቄው የመጣው ኮምቦልቻ ጋራዥ ካለው ወንድማችን ነው። ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የፍተሻ ወረቀቱን ትቶ ሠራተኞቹን በስልክ ጉግል ፎርም ያስሞላል። መዝገቡ ግን ጎደሎ ሆነበት። ጳጉሜን ጭራሽ የለም። የጥቅምት የመጨረሻ ሁለት ቀናትም የሉም። ሰርቪስ የደረሰበትን መኪና የሚያሳየው ዝርዝር ደግሞ አንዱን ሃይሩፍ «ሰባት ዓመት አልፎታል» ይላል። «ኔትወርክ መሰለኝ፤ ራውተር ልግዛ ወይ?» ይላል።

አብሽር ወንድሜ። ራውተሩን አትግዛ።

ኔትወርክ ቢሆን ቀን አይመርጥም ነበር። ዛሬ ሦስት፣ ነገ አንድ እያለ ከየቦታው ይጎድል ነበር። አንተ ጋ የጠፋው ጳጉሜን፣ ጥቅምት 29 እና ጥቅምት 30 ነው። ይህን እንዳነበብኩ የጠረጠርኩት የቀኑን ሳጥን ነው። ልጆችህ የኛን ቀን ይጽፋሉ፤ ፎርሙ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ነው። ጳጉሜን ብቻ 5፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች። ሠራተኛህ ጥቅምት 30ን 30/2 ብሎ ይጽፋል። ፎርሙ ሁለተኛ ወር ሲባል ፌብሩዋሪ ነው የሚለው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ 29። ስለዚህ 30ን ይመልሳል፤ 29ንም አብዛኛውን ዓመት ይመልሳል። ጳጉሜን 13ኛ ወር ናት፤ እሱ ጋ 13ኛ ወር የለም። የቀረው ቀን ሁሉ ግን ያልፋል። ክፋቱም ይሄ ነው። መስከረም 5 ቀን 2018ን 5/1/2018 ብለህ ስታስገባ፣ ጃንዋሪ 5 ነው ብሎ ዝም ብሎ ይውጠዋል። ስህተት ነው አይልህም። ሌላው ልጅ ደግሞ ቀኑን ከስልኩ ካላንደር ይመርጣል፤ የሱ 2025 ሆኖ ይገባል። ሁለቱ አንድ አምድ ውስጥ ሲደባለቁ መኪናህ ሰባት ዓመት ከምናምን አለፈው።

ኮምፒውተር ያውቃል የተባለ ልጅ ሳጥኑን ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይሮልሃል፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉን ይቀበላል ብለሃል። ይሄ የሚያፈስ የፍሬን ቱቦ በላስቲክ ማሰር ነው። አሁን «ጥቅ 30» ቢሉት፣ «ትናንት» ቢሉትም ይገባል። እንዲህ ያለ ጥገና ከብልሽቱ ይብሳል። ብልሽቱ ቢያንስ ይታይ ነበር።

የቀኑን ጥያቄ አጥፋው። ፎርሙ መልስ በተላከ ቁጥር ራሱ ቀንና ሰዓት ይመዘግባል፤ የሰርቪሱን ስሌት በሱ አድርግ። የሰንጠረዡ የሰዓት ክልል የኛው መሆኑን ግን ከሴቲንጉ እይ። 17:40 ካለ የኛ 11:40 ነው። ለደንበኛው የኛን ቀን ማሳየት ከፈለግህ ቀን፣ ወር በስሙ፣ ዓመት ብለህ ሦስት የሚመረጥ ሳጥን ሥራ። የሚጻፍ አይሁን። ያለፈውንም ለማረም አትጨነቅ። ፎርሙ ራሱ የሚመዘግበው የቀንና ሰዓት ማህተም ድሮም መጀመሪያው አምድ ላይ አለ። የተመለሱትን ቀኖች ከደረሰኝህ ላይ ልቀማቸው።

ማህተሙን ስታይ ግን ሁሉም 17:30 ላይ፣ ማለትም በኛ 11:30 ላይ፣ ተደርድሮ ካገኘህ፣ ልጆቹ ማታ ከጭንቅላታቸው እየሞሉ ነው። ስልኩ ካሸሯ ጋ ሳይሆን ሞርሳው አጠገብ ይሁን።

የመኪናውንም ዓይነት አታስጽፍ። ሃይሩፍ፣ ሀይሩፍ፣ ሐይሩፍ ለኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት መኪና ነው። ታርጋም እንዲሁ፦ ኮዱና፣ ታርጋው ላይ ካለ፣ ክልሉ ይመረጥ፣ ቁጥሩ ብቻ ይጻፍ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ። ፎርምህ የታችኛውን ክፍል ፎቶ ይጠይቃል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር ስልክ ይዞ የሚገባ አይኑር። ደሴ እኛ ጋ አንድ ልጅ «ፎቶ ብቻ ላንሳ» ብሎ ጭንቅላቱን አስገባ። ክሪኩ ርካሽ ነበር፤ ጎሚኒው አልቆ ዘይት ያንጠባጥባል። መኪናው ድምፅ ሳያሰማ ቀስ እያለ ወረደ። በእግሩ ጎትተን አወጣነው። ስልኩ ከስር ቀርቶ ተጨፈለቀ። ያን ስልክ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። መጀመሪያ መደገፊያ ብረት፣ ከዚያ ፎቶ።

ፍሬን ላይ «ጥሩ» የሚል ምርጫ አታስቀምጥ። በሚሊ ሜትር ይሞላ። እኔ 3 ሚሊ ሜትር የደረሰ ፓድ አላሳልፍም። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የጋለ ፍሬን «ጥሩ» የሚለውን ቃል አያውቅም። ገበያው ላይ ካለው ርካሽ የፍሬን ሸራ ደግሞ ገና ሲግል የሚሰነጠቅ አለ። የገባውን ሸራ ማርካ የሚያስጽፍ ሳጥን ጨምር፤ ተመልሶ ሲመጣ ማን እንዳታለለህ ታውቃለህ።

ኔትወርክ በእውነት ሲጠፋም ኮቦ ኮሌክት የሚባለው ሌላ የፎርም መተግበሪያ የተሞላውን ስልኩ ላይ ያስቀምጥና መስመር ሲመጣ ይልካል። ቀኑን ካስተካከልህ በኋላ እየው።

ፎርሙን ቀይረህ ስትጨርስ፣ ሦስቱን የቀን ሳጥን ከሠራህ፣ ጳጉሜን 5 ብለህ አንድ የሙከራ መኪና አስገባ። ካለፈ ለልጆቹ ስጣቸው። ስትሰጣቸውም ድገምላቸው፦ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር ማንም አይገባም፣ ለፎቶም ቢሆን።