የተበላሸ ብድር በስም ሲመዘገብ፦ ከድሬዳዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ ቀፊራ ሱቅ አለኝ። የብድሬ ክፍያ ሁለት ወር ዘግይቷል። ሌላ ባንክ ብሄድ ያውቅብኛል?

መልስ፦ ያውቃል። ባንኮች ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ያጣራሉ፤ ሳቢያን ያለው ቅርንጫፍ የሚያየው አዲስ አበባ ያለው የሚያየውን ነው። ያንተ ጉዳይ ግን ገና ሊስተካከል ይችላል። ከ30 እስከ 90 ቀን የዘገየ ብድር «ልዩ ትኩረት የሚሻ» ነው። 90 ቀን ሲሞላ ከተበላሸ ብድር ይቆጠራል፣ 180 ሲያልፍ «አጠራጣሪ»፣ 360 ሲያልፍ «ኪሳራ» ይባላል። ለመጨረሻው ምድብ ባንኩ 100 በመቶ መጠባበቂያ (ብድሩ ባይመለስ ኪሳራውን የሚሸፍንበት ገንዘብ) ይይዛል፤ የብድር ኦፊሰሩ ድንገት ቢከርርብህ ከዚህ የተነሳ ነው እንጂ ጠልቶህ አይደለም።

ስለዚህ 90 ቀን ሳይሞላ የመክፈያ ጊዜ ማራዘሚያ በጽሑፍ ጠይቅ። የሽያጭህን መቀዝቀዝ የሚያሳይ የሂሳብ እንቅስቃሴ አያይዝ፣ ማህተም ያረፈበት ቅጂም ያዝ። በስልክ «ታገሡኝ» ማለት ቀኑን አያቆመውም። ማመልከቻውም ቢሆን እስኪጸድቅ አያቆመውም፤ እስከዚያ የቻልከውን ክፈል።

ጥያቄ፦ የቀረኝ 3,000 ብር ብቻ ነው፤ ይህም ያሳስባል?

መልስ፦ አዎ። የሚቆጠረው የዘገየው ቀን ነው እንጂ የብሩ መጠን አይደለም። በስልክ የሚወሰደው ትንሽ ብድርም ከጀርባው አበዳሪ ባንክ ስላለ እንደ ቀላል አትየው።

ጥያቄ፦ ሙራባሃ ነው የወሰድኩት፣ ወለድ የለውም።

መልስ፦ በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ ይሸጥልሃል፤ ትርፉ ቀድሞ ስለተወሰነ ዕዳው እንደ ወለድ ብድር አያብጥም። የመክፈያ ቀኑ ሲያልፍ ግን ያው ውዝፍ ነው።

ጥያቄ፦ ለአክስቴ ልጅ ዋስ ሆኛለሁ፣ እሱ አቁሟል። እኔን ይነካኛል?

መልስ፦ ውሉን አውጪና አንብቢ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካለ ባንኩ እሱን ትቶ አንቺን መክሰስ ይችላል፤ የባንክ ውሎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይሉታል። ተራ ዋስ ከሆንሽ ብቻ ነው «በቅድሚያ የእሱ ንብረት ይታይ» ማለት የምትችይው፣ እሱንም ክሱ እንደደረሰሽ ማንሳት አለብሽ። ቤት ተይዞ ከሆነ ደግሞ ባንኩ በአዋጅ 97/1990 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ ይሸጠዋል።

ጥያቄ፦ ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ ሌላ ባንክ ግን «ዕዳ ይታያል» አለኝ።

መልስ፦ መረጃውን የሚልከው አበዳሪው ስለሆነ የሚያርመውም እሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከመጨረሻው ክፍያ በኋላ የተጠራቀመ የጥቂት ብር ወለድ ወይም ቅጣት ነው። መጀመሪያ ስቴትመንት አስወጣና ሂሳቡ ዜሮ መሆኑን እይ። ከዚያ የመጨረሻ ደረሰኝህንና ቲንህን ይዘህ ክሊራንስ (ዕዳ የለብህም የሚል ደብዳቤ) ጠይቅ፣ መዝገቡ እንዲስተካከልም በደብዳቤ አመልክት። የቤት ካርታ በመያዣነት ተይዞ ከነበረ የእገዳ ማንሻው ደብዳቤ ለብቻው ወደ መሬት አስተዳደር ይጻፋል፤ ክሊራንሱ ብቻውን እገዳ አያነሳም።