ለምትጽፉ ልጆቼ፦ ትንሿን ጋዜጣ አትናቋት

ውድ ልጆቼ፣

ስንገናኝ ሁሌም "መጽሐፌን ማን ያሳትምልኛል?" ትሉኛላችሁ። እኔ ጋዜጣ ቤት ውስጥ የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ጋዜጣ ላውራችሁ። ታሪኩ የካዛክስታን ኮሪያውያን ነው።

እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ኮርዮ ሳራም ይላሉ። አያቶቻቸው የሚኖሩት በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ቭላዲቮስቶክ ላይ በቋንቋቸው ጋዜጣ ጀመሩ፤ ሶንቦንግ ይባላል። ከኮሪያ ተሰዶ የመጣው ጸሐፊ ቾ ምዮንግ ሂ ሥራውን እዚያ ያወጣ ነበር። በ1937 የስታሊን መንግሥት ከ170 ሺህ በላይ ኮሪያውያንን በባቡር እየጫነ ወደ መካከለኛው እስያ አጋዘ። ቾ በዚያው ዓመት ታሰረ፤ በ1938 ተረሸነ። የኮሪያኛ ትምህርት ቤቶችም ወደ ሩሲያኛ እንዲዞሩ ተደረገ።

እስቲ አስቡት። ጸሐፊው ተገድሏል፣ ልጆቹ በሌላ ቋንቋ ይማራሉ፣ አገሩም ባዕድ ነው። በዚያው በ1938 ግን ካዛክስታን ውስጥ ኪዚሎርዳ ከተማ ላይ ሌኒን ኪቺ የተባለ የኮሪያኛ ጋዜጣ ወጣ። በኮሪያኛ መጽሐፍ ማሳተም ብርቅ ነበር፤ ግጥምና አጭር ልብወለድ የሚወጣበት ዋናው ቦታ ይህ ጋዜጣ ሆነ። ለጸሐፊዎቹም ደመወዝ ሰጣቸው። ለትምህርት ከሰሜን ኮሪያ ወደ ሞስኮ ሄዶ በዚያው የቀረው ሃን ጂን እዚህ ጋዜጣ ላይ ሠርቷል። በኋላ የኮሪያውያን ቲያትር ጸሐፌ ተውኔት ሆነ።

ከሥራዬ የማውቀውን ልንገራችሁ። መሞላት ያለበት ገጽ ሲኖር አርታኢው ጸሐፊ ፍለጋ ይወጣል። ጀማሪውን ይጎተጉታል፣ ያርመዋል፣ እንደገና ያጽፈዋል። ጽሑፉ ሲወጣ ደግሞ የሚያነበው የሰፈሩ ሰው ነው፤ ዝም አይለውም። እንዲህ ያለ ትምህርት ሌላ ቦታ አላየሁም።

ጋዜጣው ግን የኮሚኒስት ፓርቲው ልሳን ነበር። ስለዚያ ግዞት በግልጽ መጻፍ የተቻለው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ሕዝቡ ትልቁን ቁስሉን በራሱ ጋዜጣ ሳያነብ 50 ዓመት ገደማ ኖረ። ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል። እናንተም ጋዜጣው አልቀበልም ያላችሁን ጽሑፍ አትቅደዱት፤ አስቀምጡት።

ጋዜጣው በ1978 ወደ አልማቲ ሄደ፤ በ1991 ስሙ ኮርዮ ኢልቦ ሆነ። አሁን በኮሪያኛም በሩሲያኛም ይወጣል፤ ወጣቱ ኮሪያኛ ማንበብ ስለተወ። ነገሩ እዚህ ጋ ይከብዳል። አንባቢው ካለቀ የጸሐፊው ትጋት ብቻውን አያዘልቅም። በተለይ ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያላችሁ ልጆች፣ የአማርኛ ጋዜጣ ካገኛችሁ ገዝታችሁ አንብቡ። ታናናሾቻችሁንም አስነብቡ።

ከዚያ አንድ አጭር ነገር ጻፉና ላኩ። አርታኢው በቀይ አቅልሞ ቢመልስላችሁ አትከፉ፤ አስተካክላችሁ በሳምንቱ መልሳችሁ ላኩለት።