ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በአጋዥ ቴክኖሎጂ ለመሥራት ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ረጋ ብዬ አነበብኩት። ኮምቦልቻ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቀሻል። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች በሚሆኑ አጋዥ መሣሪያዎች፣ እንዲሁም ቴሌኬር በሚባለው የርቀት ክትትል ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ። «እኛ አካባቢ ሥራው አለ ወይ? ያበላል ወይ? ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው። እኔ ደሴ ውስጥ ዊልቸርና ክራንች ከመጠገን ተነስቼ፣ አሁን ቤት ለቤት እየዞርኩ መሣሪያ አስተካክላለሁ፤ ክትትልም አደርጋለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ሳላሳጥር ልንገርሽ።

ሥራው ሞልቷል። በዚህ ስም የወጣ የሥራ ማስታወቂያ ግን ሰሌዳ ላይ አታገኚም። ሥራው ተበታትኖ ነው ያለው። ትንሹ ፊዚዮቴራፒስቱ ጋ ነው። ትንሹ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ፣ ትንሹ የሕክምና መሣሪያ የሚጠግነው የሆስፒታል የባዮሜዲካል ክፍል፣ ትንሹ ማኅበራዊ ሠራተኛው ጋ ነው። የቀረውን ቤተሰብና ጎረቤት ተሸክሞታል። አንቺ ከእነዚህ በአንዱ በር ገብተሽ ወደሌሎቹ መሻገር ይኖርብሻል።

ፍላጎቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ አንድ ነገር ያዢ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰው ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ ያስፈልገዋል። በአንዳንድ ድሃ አገሮች ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 3 በመቶ ብቻ ናቸው። መነጽርም፣ ከዘራም፣ የመስሚያ መሣሪያም እዚህ ቁጥር ውስጥ አሉ። ስለዚህ «ቴክኖሎጂ» ሲባል ሮቦት ብቻ አይምጣብሽ።

አሁን ዋናውን ልበልሽ። በዚህ ሙያ ትልቁ ሥራ የሚጀምረው ዕቃው ከተሰጠ በኋላ ነው። ይህን ያልተቀበለ ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ መሐንዲስ ቢሆን ሰው ይጎዳል።

ዊልቸርን ውሰጂ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስተምረው አሰጣጥ ስምንት ደረጃ አለው። ሰውየው በሪፈራል ይመጣና ቀጠሮ ይያዝለታል። ይመዘናል። የሚስማማው ዓይነትና መጠን ይመረጣል። ገንዘቡ ተገኝቶ ዕቃው ይታዘዛል። ይዘጋጃል። ተቀምጦበት በልኩ ይስተካከላል። አጠቃቀሙን እሱም ቤተሰቡም ይሠለጥናሉ። ከዚያ ጥገናና ክትትል ይቀጥላል። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ምንድን ነው? አዳራሽ ይከራያሉ፣ ባነር ይሰቀላል፣ ሁሉም አንድ መጠን የሆነ ታጣፊ ዊልቸር ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አበቃ።

እንዲህ ካለ እደላ ዊልቸር የወሰደ አንድ ወጣት አውቃለሁ። አከርካሪው ተጎድቶ ከወገቡ በታች ስሜት የለውም። የሰጡት ወንበር ለእሱ ሰፊ ነው፤ ትራስ የለውም፤ መቀመጫው ስስ ሸራ ነው። ለማንም ጤነኛ ሰው ያ ወንበር ምንም አይለውም፤ ሲቆረቁረው ይነሳልና። ይህ ልጅ ግን ስለማይሰማው ቀኑን ሙሉ ይቀመጥበታል። አጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ደም አጣ፣ ቆሰለ፣ ቁስሉ እያደር ገባ። ሆስፒታል ተኝቶ ለወራት ተሰቃየ። የረዱት ሰዎች ቅን ልብ ነበራቸው። ተመልሶ ያየው ግን የለም። አንድ ሰው በሳምንቱ ደውሎ «ቆዳህን በመስታወት ታያለህ? ቀይ ነገር አለ?» ቢለው ኖሮ፣ ትራስ ቢያዘጋጅለትና ወደ ፊትና ወደ ጎን እየተደገፈ ክብደቱን ማንሳት ቢያስተምረው ኖሮ እዚያ አይደርስም ነበር። ይህን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል። የዚህ ሙያ ሰው ማለት ለእኔ ያ ተመልሶ የሚያየው ሰው ነው።

ሌላው የአገራችን አቀማመጥ ነው። ደሴን ታውቂያታለሽ፤ ጦሳ ሥር የተቀመጠች ዳገትና ቁልቁለት ናት። ክረምት ሲገባ ጭቃው ሌላ ነው። ፊቱ ላይ ትንንሽ ጎማ ያለው የሆስፒታል ዊልቸር ኮብልስቶን ላይ ይሰነቀራል፤ ሰውየውንም በፊቱ ይደፋዋል። ለእንዲህ ያለ መንገድ ፊቱ ረዘም ብሎ አንድ ትልቅ ጎማ ያለው ባለሦስት እግር ዊልቸር ይሻላል። ግን እሱም ጣጣ አለው፤ ጠባብ ቤት ውስጥ አይዞርም። ስለዚህ መጀመሪያ ቤቱን ማየት አለብሽ። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለችና ሜዳማ ስለሆነች መንገዱ ይቀላል፤ ሙቀቱ ግን ትራስ ላይ ላብ ያመጣል፤ ላብ ደግሞ ለቆዳ ጠላት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት በወረድሽ ቁጥር ችግሩ መልኩን ይቀይራል።

በመጽሐፍ ራምፕ (በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል ይባላል። 20 ሳንቲሜትር ደረጃ ያለው በር 2 ሜትር ከ40 ራምፕ ይፈልጋል ማለት ነው። ብዙ የደሴ ግቢ ያን ያህል ቦታ የለውም። እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? ቤተሰቡን ታሠለጥኛለሽ። ደረጃ ሲወጣ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ዞሮ በትልቁ ጎማ ይሳባል። ኃይለኛ ቁልቁለት ሲሆን ረዳቱ ከታች ሆኖ ወደ ኋላ እያየ ቀስ ብሎ ያወርዳል። ይህን ግቢው ውስጥ አብረሻቸው ደጋግመሽ ካልሠራሽ በወሬ አይገባም።

ከዘራ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋል። ሽማግሌው ጫማቸውን አድርገው እጃቸውን ለቀቅ አድርገው ሲቆሙ መያዣው የእጅ አንጓቸው ላይ መድረስ አለበት። የሚይዙትም ከታመመው እግር በተቃራኒ በኩል ነው። እኔ የማገኛቸው አባቶች አብዛኞቹ በታመመው በኩል ነው የሚይዙት፤ ከዘራውም የአባታቸው ስለሆነ ወይ ይረዝማል ወይ ያጥራል። እንጨቱን ቆርጦ ታቹ ላይ ላስቲክ መግጠም ብዙ ወጪ የለውም። ግን «አባባ፣ በዚህኛው እጅ ይያዙት» ስትያቸው ያኮርፋሉ። ቡና ጠጥተሽ፣ ምርቃታቸውን ተቀብለሽ፣ ቀስ ብለሽ ነው የምታሳምኛቸው። ወሎ ውስጥ ቡና ሳትጠጪ ከቤት ልውጣ ብትይም አይለቁሽም፤ ጊዜሽን ስታቅጂ ይህንንም አስቢ።

የዓይንና የጆሮውን ባጭሩ ልለፈው። ለማየት ለተሳናቸው ኤንቪዲኤ የሚባለው የኮምፒውተር ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ በነፃ ይገኛል፤ አንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ ይህንኑ የሚሠራ ቶክባክ አለ። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው የድምፅ ፕሮግራም አማርኛን ያነባል፤ ድምፁ ደረቅ ነው፣ የለመደው ግን በጣም ፈጥኖ ይሰማዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ዓይነ ስውራን ተማሪዎችን ብትተዋወቂ ከእኔ በላይ ያስተምሩሻል። የመስሚያ መሣሪያ ላይ ችግሩ ባትሪ ነው። ትንሿን ባትሪ ካላገኘ ያ ውድ ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ለአንድ ሰው መሣሪያ ከመስጠትሽ በፊት ባትሪው ከየት እንደሚገዛና በወር ምን ያህል እንደሚያስወጣ እወቂ።

ቴሌኬር ላይ ልምጣ፤ አንቺን የሳበሽ እሱ ይመስለኛልና። ውጭ አገር የተለመደው እንዲህ ነው። አረጋዊው አንገታቸው ወይም እጃቸው ላይ ቁልፍ ያስራሉ። ሲጫኑት ቤት ያለው መሣሪያ የጥሪ ማዕከል ይደውላል። ማዕከሉ ያነጋግራቸዋል፤ ካልመለሱ ወይም እርዳታ ካስፈለጋቸው በአቅራቢያ ያለ ዘመድ ወይም አምቡላንስ ይላካል። ጥሩ ሥርዓት ነው። መሣሪያው ግን የቆመው በስልክ መስመሩ ላይ ነው። እንግሊዝ አገር አሮጌው የመደበኛ ስልክ መስመር እ.ኤ.አ. ጥር 2027 ሊዘጋ ስለሆነ፣ በእሱ የሚሠሩ የአረጋውያን ማንቂያዎችን መቀየር ግድ ሆኗል። አንቺም በሲም ካርድ የሚሠራ ማንቂያ ልሥራ ካልሽ በየትኛው ኔትወርክ እንደሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ለሰውየው እንዴት እንደሚያሳውቅ ከመጀመሪያው አስቢበት። ሰው ሲወድቅ በራሱ የሚያውቅ መሣሪያም ሁሉንም አይዝም። ግድግዳ ተደግፎ ቀስ ብሎ የተንሸራተተን ሰው ላያውቀው ይችላል። ቁጭ ሲሉ ዱብ ያሉትን ደግሞ ወደቁ ብሎ ይደውላል። ሐሰተኛ ጥሪ ሲበዛ ጎረቤት መምጣት ያቆማል።

እኛ የምንሠራበት መንገድ ቀለል ያለ ነው። ትልልቅ ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ፣ አንድ ቁጥር ረዥም ሲጫኑት ለልጃቸው ወይም ለእኛ የሚደውል። ጠዋት በተወሰነ ሰዓት እንደውላለን። ካላነሱ ትንሽ ቆይተን እንደግማለን። አሁንም ካላነሱ ለጎረቤት እንደውላለን፤ የአንድ ጎረቤት ቁጥር አይበቃም፣ ሁለት ሦስት ይሁን። ጎረቤት ገብቶ ያያል። ወድቀው መነሳት ካቃታቸው ጎትቶ እንዳያነሳቸው ቀድመን አስተምረነዋል፤ ብርድ ልብስ ያለብሳቸዋል፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውላል። ይህ ሁሉ በትልቅ ጽሑፍ ወረቀት ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰው ጋ ቁልፍ መኖር አለበት። ደዋይ ኖሮ ደራሽ ከሌለ ቴሌኬር የለም። የእኛ ሰፈር ዕድርና ጉርብትና እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሌላው ዓለም በደመወዝ የሚቀጥረው ደራሽ እኛ ጋ አጥር ተሻግሮ ነው ያለው።

የሚከፍሉት አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ናቸው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከጅዳ፣ ከዱባይ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ካሜራ ግጠሙልኝ» ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ ያሉ አንዲት እናት ልጃቸው መኝታ ቤታቸው ካሜራ እንዲገባ ፈልጎ ነበር። ጠየቅናቸው። «ልብሴን ስቀይር ማን ሊያየኝ ነው?» አሉን። ልጁ የተናደደ ቢሆንም እሳቸው ካልፈቀዱ አንገጥምም አልነው። ይልቅ የሚፈሩት ማታ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ መሆኑን ነገሩን። መንገዱ ላይ በባትሪ የሚሠራ መብራት አደረግን፣ መያዣ ብረት በየዳን፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ አነሳን፣ ማታ ማታ ባልዲ ከአልጋቸው አጠገብ እንዲቀመጥ ተስማማን። ልጃቸው አሁን በየቀኑ ይደውላል፤ የካሜራውን ነገር ዳግም አላነሳም። ማንኛውንም መሣሪያ ስትገጥሚ ፈቃዱ የተጠቃሚው ነው፤ ከፋዩ ማንም ይሁን ማን።

ከየት ትጀምሪ? የዓለም ጤና ድርጅት ታፕ የተባለ በኢንተርኔት የሚሰጥ ነፃ ሥልጠና አለው፤ ቀላል የሆኑ የመንቀሳቀሻ፣ የማየት፣ የመስማትና ራስን የመንከባከብ መሣሪያዎችን ያስተምራል። እሱን ጨርሺ። ከዚያ ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል ሄደሽ ያለ ክፍያም ቢሆን አብረሻቸው መሥራት ጠይቂ። ከጦርነቱ በኋላ የሥራ ጫናቸው ከባድ ነው፤ እጅሽን ይፈልጉታል። ማንበብ ብቻ ሳይሆን ኩሽኔታ መቀየር፣ ጎማ መለጠፍና መበየድ ተማሪ። ጥሩ ጎሚስታና ጥሩ በያጅ ጓደኛ ይኑርሽ። የምልክት ቋንቋ ጀምሪ። ወደ ሕክምናው ጎን ማዘንበል ከፈለግሽ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒም ኦክፔሽናል ቴራፒም (ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን ራሱ እንዲሠራ የሚያግዝ ሕክምና) ያስተምራል። መሣሪያ ስትሠሪም አካል ጉዳተኛ የሆነ ባልደረባ ከመጀመሪያው ቀን አጠገብሽ ይኑር። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኞች በሥራ ስምሪት አድልዎ እንዳይደረግባቸው የወጣ ሕግ ነው፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች ደግሞ ቀድመን ልናከብረው ይገባል።

ያበላል ወይ ላልሽው፣ ብቻውን ወዲያው አያበላም። እኔ የማውቃቸው ሁሉ ከጥገና፣ ከቤተሰብ ወርሃዊ ክፍያና ከፕሮጀክት ኮንትራት አደባልቀው ነው የሚኖሩት። ፕሮጀክት ደስ ይላል፤ ግን ያልቃል። የወርሃዊ ክትትሉ ገንዘብ ትንሽ ናት፤ ግን ትመጣለች። ከድርጅት ጋር ስትዋዋዪ በጀቱ ውስጥ የመለዋወጫ፣ የትራንስፖርትና የስልክ ክትትል ወጪ መኖሩን ሳታዪ አትፈርሚ። ከሌለ፣ የሚታደለውን ዊልቸር ቁጥር ቀንሰው በዚያ ገንዘብ ክትትል እንዲጨምሩ ጠይቂ። ሁሉም እሺ አይሉም፤ እሺ ያሉ ግን አጋጥመውኛል።