በድሮ ባለ 26 ብስክሌት ላይ ሌላ ጎማ ይገባል? ጥያቄና መልስ

የድሮ ማውንቴን ባይክ ያላችሁ ሰዎች ሰሞኑን የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ፍሬሙ የተሠራው ለባለ 26 ኢንች ጎማ ነው። እጃችሁ የገባው ደግሞ ባለ 27.5 ወይም ባለ 29 ነው። ይገጠማል ወይ? ጥያቄዎቻችሁ ከነመልሳቸው እነሆ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ጋሼ፣ ባለ 27.5 የፊት ጎማ ከነቸርኬው በርካሽ አገኘሁ። ፍሬኔ ቸርኬውን ከሁለት ጎን ቆንጥጦ የሚይዘው የላስቲክ ፍሬን ነው። ልግጠመው?

አትግጠመው። ጎማው ፎርኩ (የፊት ጎማውን ከሁለት ጎን የሚይዘው ሹካ) ውስጥ ሊገባልህ ይችላል፤ ችግሩ ፍሬኑ ነው። ባለ 26 ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር 559 ሚሊሜትር ነው። የባለ 27.5 ደግሞ 584 ነው። ልዩነቱ 25፣ ግማሹ 12.5። ስለዚህ ቸርኬው ከፍሬኑ በ12.5 ሚሊሜትር ይርቃል። የፍሬኑ ላስቲክ የሚታሰርበት ቀዳዳ ግን ከፍ ዝቅ የሚለው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገህ ብታስረው እንኳ ላስቲኩ ቸርኬውን በደንብ አያገኘውም። ፍሬን ስትይዝ ሾልኮ ሽቦዎቹ መሀል ሊገባ ይችላል። ከእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ይህ ቢደርስብህ አስበው። ቀዳዳውን በሞረድ እናስፋልህ የሚል ከመጣም አትስማው። የፍሬን ክንድ የሚሳሳ ነገር አይደለም።

ከለገጣፎ፦ የኔ ፊቱም ኋላውም ዲስክ ፍሬን ነው። ለኔስ?

ላንቺ ነገሩ ቀሎልሻል። ዲስክ ፍሬን የሚይዘው ጎማው መሀል ላይ የታሰረውን ዲስክ ነው፤ ቸርኬው ቢተልቅ ቢያንስ አያገባውም። የሚቀርሽ የቦታ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ብስክሌቱን አቁሞ ጎማው ሲሽከረከር ካልነካ «ገባ» ይላል። አልገባም። ፎርኩ ሲጨመቅ ነው መታየት ያለበት። የአየር ፎርክ ከሆነ አየሩን አስተንፍሺ፣ የስፕሪንግ ከሆነ ስፕሪንጉን አስወጪ። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ተጫኚና ጎንበስ ብለሽ እዪ። በጎማው አናትና ሁለቱ የፎርክ እግሮች በሚገናኙበት ቦታ መሀል ትንሿ ጣትሽ ማለፍ አለባት። ካላለፈች ተይው። ኮብልስቶን ላይ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ፎርኩ ሲጨመቅ ጎማው ከላይ ከተያዘ፣ ብስክሌቱ ቀጥ ይልና አንቺ በመሪው ላይ ትወረወሪያለሽ። የጎንና የጎኑንም ክፍተት አትርሺ፤ በክረምት የእናንተ ሰፈር ጭቃ ጎማ ላይ ተጋግሮ ነው የሚሄደው።

ከሱሉልታ፦ ፊቱን ብቻ ባሳድገው አነዳዱ ይበላሻል?

በ27.5 ብዙም አይበላሽም። ፊቱ 12.5 ሚሊሜትር ከፍ ሲል የመሪው ቱቦ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ ብሎ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ፔዳሉም 5 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ቁልቁለት ላይ ይረጋልሃል፤ ዳገት ላይ ግን ፊቱ ቀለል ይልና ቀጥ ብሎ ለመሄድ ያስቸግራል። መሪውን ትንሽ ዝቅ ብታደርገው ይካካሳል። ባለ 29 ከሆነ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ለባለ 26 በተሠራ ፎርክ ላይ አልመክርህም።

ፊቱን ከኋላው ማስበለጥ ራሱ ግን የሰፈር ፈጠራ አይደለም። የዓለም ብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለቱ ጎማዎች እኩል ይሁኑ የሚለውን ደንብ ካነሳ ወዲህ፣ በቁልቁለት ውድድር ፊት ባለ 29፣ ኋላ ባለ 27.5 አድርገው የሚወዳደሩ ብዙ ናቸው። ልዩነቱ የእነሱ ፍሬምና ፎርክ ለዚያው ተብሎ መሠራቱ ነው።

ከሰበታ፦ ኋላውንስ? ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ስወጣ ትልቅ ጎማ ቢሆንልኝ እመኛለሁ።

ኋላው ላይ የድሮ ፍሬም ጠባብ ነው፤ ግን አንድ መላ አለ። ቁመቱን የሚወስነው ቸርኬው ብቻ ሳይሆን የጎማውም ውፍረት ነው። ባለ 26 ቸርኬ ላይ 2.3 ኢንች ጎማ ሲደረግ ከመሀል እስከ መሬት 338 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ባለ 27.5 ቸርኬ ላይ 1.75 ጎማ ሲደረግ ደግሞ 336 ገደማ። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል! እንግዲህ ፍሬምህ 2.3 የሚችል ከሆነ ቀጭኑ 27.5 ይገባል። ፍሬንህ ዲስክ መሆን አለበት፣ ይኼ አይቀየርም። ግን ልጠይቅህ፤ ጫካ ውስጥ ሥርና ድንጋይ ላይ ለመሄድ ወፍራሙን ጎማ ሰጥተህ ቀጭን መቀበል ምን ይጠቅምሃል? እኔ ብሆን ባለ 26 ላይ ፍሬሙ የሚችለውን ወፍራም ጎማ አድርጌ፣ ነፋሱን ትንሽ ቀነስ አደርግ ነበር።

ከአያት፦ የኋላው ሞዞ (ጎማው መሀል ያለው፣ ሽቦዎቹ የሚታሰሩበት) ፍሬሙ ውስጥ አልገባም አለ፣ ገርበብ አድርገን ብናስገባው?

አሉሚኒየም ከሆነ በፍጹም። የድሮው የኋላ ክፍተት 135 ሚሊሜትር ነው፤ የአዲሶቹ ሞዞ 148 ይሆናል። በጉልበት የተከፈተ አሉሚኒየም ይሰነጠቃል። የፊቱም እንዲሁ 100 ነበር፣ አሁን 110 ሆኗል፤ ዘንጉም ወፍሯል። ከመግዛትህ በፊት ሜትር ይዘህ ሂድ።

ከቡራዩ፦ ጎማዬ ላይ 26 ይላል፣ የገዛሁት ባለ 26 ግን ቸርኬው ላይ አልቀመጥ አለ። ተታለልኩ?

ላትታለል ትችላለህ። 26 የሚባል ከአንድ በላይ መጠን አለ። የማውንቴን ባይኩ 559 ነው፤ 26 በ1 3/8 የሚባለው የከተማ ብስክሌት ጎማ ግን 590 ነው። ሁለቱም 26 ተብለው ይሸጣሉ፣ አንዱ የሌላው ቸርኬ ላይ አይሆንም። ጎማው ጎን ላይ በትንሹ የተጻፈውን ፈልግ፣ ለምሳሌ «54-559» ይላል። የመጀመሪያው ውፍረት ነው፣ ሁለተኛው የቸርኬው ልክ። ሁለተኛውን ብቻ እመን። ባለ 29 እና ብዙዎቹ ባለ 28 ሁለቱም 622 ናቸው፤ በስም ቢለያዩም ልካቸው አንድ ነው።

ከቃሊቲ፦ የባለ 26 ከመነዳሪ ባለ 27.5 ጎማ ውስጥ ይሠራል?

መንገድ ላይ ከተነፈሰብሽ አዎ፣ ትንሽ ይለጠጥና ቤትሽ ያደርስሻል። ትክክለኛውን ስታገኚ ቀይሪው።