«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ተይው

ጤና ይስጥልኝ፤

አምዱን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ጽፌ ግን አላውቅም። ዛሬ የጻፍኩት ጨንቆኝ ነው።

የልጆች ልብስ እሰፋለሁ። ብቻዬን ነኝ። ያሉኝ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ኦቨርሎክና አንድ ጠረጴዛ ናቸው። ሥራውን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አንዴ የገዛኝ ሰው ተመልሶ ይመጣል፤ በስፌቴ አልታማም። ችግሬ ኦንላይን ላይ ነው።

ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ አራቱም ላይ አለሁ። በየቀኑ ፖስት አደርጋለሁ። ማታ ስፌት ጨርሼ ፎቶ አነሳለሁ፣ አሳምራለሁ፣ እለጥፋለሁ። ጠዋት ስነሳ 9 ላይክ። ከዘጠኙ ሦስቱ የቤተሰቤ ናቸው።

ተስፋ ስቆርጥ ተከታይ ገዛሁ። «5000 እውነተኛ ሰው» ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። የኢንስታግራሜ ቁጥር በአንድ ሌሊት ከፍ አለ፤ ደስም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ፖስቴን የሚያየው ሰው ጭራሽ ቀነሰ። ሦስት ጊዜ ከፍዬ ፖስቴ ለብዙ ሰው እንዲታይ ቡስት አድርጌአለሁ። ላይክ መጣ፤ ገዢ አልመጣም።

የሚጠይቁኝ የሉም ማለቴ አይደለም። ኮሜንት ላይ «ስንት ነው?» ይላሉ። «በውስጥ መስመር አናግሩኝ» እላቸዋለሁ። ዋጋዬን ሌሎች ሰፊዎች እንዳያዩብኝ ብዬ ነው። ከዚያ አብዛኞቹ ድምፃቸው ይጠፋል። የጻፉልኝንም መኪናው ላይ ሆኜ ሳላያቸው እውልና ማታ ስመልስላቸው «ከሌላ ገዛሁ» ይሉኛል።

የእህቴ ልጅ ቲክቶክ ላይ ካልጨፈርሽ አይሆንም ትላለች። እኔ ካሜራ ፊት መቆም አልችልም፤ አፍራለሁ። ባለቤቴ ደግሞ «ዝጊውና በሰው በሰው ሽጪ» ይለኛል። ገጹን ዘግቼ እንደ አዲስ ልጀምር? ወይስ ገንዘብ አጠራቅሜ ትልቅ ማስታወቂያ ላሠራ?

ሰፊዋ

መልስ

እህቴ ሰፊዋ፤

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገዢ አጣሁ ትያለሽ። ገዢዎችሽ ግን እዚያው ደብዳቤው ውስጥ አሉ። «ስንት ነው?» ያሉሽ ሰዎች እነሱ ናቸው። ልብሱን አይተው ወደውታል። የቀራቸው ዋጋውን ማወቅ ብቻ ነበር። አንቺ ደግሞ በሩ ላይ አቁመሽ በሌላ በር ዙሩ አልሻቸው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ዋጋሽን ጻፊ። ተፎካካሪሽ ዋጋሽን ማወቅ ከፈለገ በሌላ ስም አንድ መልእክት ልኮ ያውቀዋል። ከእሱ የደበቅሽው ነገር የለም፤ የተደበቀው ከእናትየዋ ነው። እሷ ደግሞ ልጅ ታቅፋ በአንድ እጇ ነው ስልኩን የያዘችው። «በውስጥ መስመር» የሚለውን ስታይ ከሁለት አንዱን ታስባለች፤ ወይ ዋጋው ውድ ነው፣ ወይ ሰው እያዩ ነው የሚተምኑት። ሁለቱም ያሸሻሉ። ዋጋው በልጁ ዕድሜ የሚለያይ ከሆነ «ከዚህ እስከዚህ» ብለሽ ጻፊው። የጨርቁን ዓይነት፣ ያሉትን መጠኖችና በስንት ቀን እንደሚደርስም ጨምሪበት። «ስንት ነው?» የሚል ጠያቂ የሚያጣው ፖስት ጥሩ ፖስት ነው።

ቀጥሎ የምትመልሺበትን ሰዓት እናስተካክል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተቀመጪ አልልሽም፤ ማን ይሰፋል ታዲያ? ለዚህ ዋትስአፕ ቢዝነስ ይረዳሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነጻ መተግበሪያ ነው፤ የተሠራውም እንዳንቺ ላለ ትንሽ ነጋዴ ነው። ደጋግመሽ የምትመልሺውን መልስ አንዴ ጽፈሽ ታስቀምጫለሽ፤ ከዚያ በአጭር ቃል ትጠሪዋለሽ። ሥራ ላይ ስትሆኚ በራሱ የሚላክ መልእክትም አለው። «አሁን ስፌት ላይ ነኝ፤ በ7 ሰዓትና በ11 ሰዓት መልስ እሰጣለሁ» ብለሽ ሙይው። ሰው መቼ እንደሚመለስለት ካወቀ ይጠብቃል። ዝም ሲባል ነው የሚሄደው። በተባለው ሰዓት ግን መመለስ አለብሽ።

ስለ ተከታዮቹ፣ የሸጠልሽ ሰው አታሎሻል፤ ይህ ያናድደኛል። የምትሰሪውን ጠንቅቀሽ የምታውቂ ሰው በአንድ ቁጥር ምክንያት በራስሽ ሥራ እንድትጠራጠሪ አድርጎሻል። የሆነው እንዲህ ነው። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2016 ፖስቶችን በጊዜ ቅደም ተከተል ማሳየቱን መተው ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ማን ምን እንደሚያይ በአብዛኛው የሚወሰነው ሰዎች ለፖስቱ በሚሰጡት ምላሽ ነው። የገዛሻቸው አካውንቶች ልብስ አይገዙም፣ ኮሜንት አይጽፉም፣ ለጓደኛ አይልኩም። ፖስትሽ ለእነሱ ሲታይ ዝም ይላሉ። ሲስተሙ ዝምታውን «ይህ ነገር አይፈለግም» ብሎ ያነበዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን ባወጣው ደንብ ለንግድ ተብሎ የሐሰት ተከታይ መሸጥም፣ እያወቁ መግዛትም ከልክሏል። አንቺ እውነተኛ ነው ተብለሽ ነው የገዛሽው። ብቻ ሁለተኛ እንዳትሞክሪው።

ገጹን ግን አትዝጊ። እዚያ ውስጥ የገዙሽ ሰዎች አሉ፤ አስተያየታቸው አለ፤ የሁለት ዓመት ሥራሽ አለ። ሐሰተኞቹን ከተከታዮች ዝርዝር ውስጥ ራስሽ ማስወጣት ትችያለሽ። አሰልቺ ነው። ሻይ በምትጠጪበት ሰዓት በቀን ሃያ ሃያ እያልሽ ቀንሺ።

አራቱም ቦታ ላይ በየቀኑ መሆንም ይቅርብሽ። በሳምንት ሦስት ጥሩ ፖስት ይበቃሻል። አንድ ማሳያ ቦታ ምረጪ፣ አንድ ደግሞ ደንበኞችሽን የምታቆዪበት። እኔ ብሆን ኢንስታግራምን ለማሳያ፣ ቴሌግራም ቻናልን ለማቆያ አደርግ ነበር። ቻናል ላይ የለጠፍሽው የተቀላቀሉት ሁሉ ዘንድ በቅደም ተከተሉ ይደርሳል፤ መሃል ገብቶ የሚመርጥ የለም። የገዛሽን ሰው ሁሉ ልብሱን ስታስረክቢ «አዲስ ሲወጣ እዚህ ታያለሽ» ብለሽ አስገቢው።

ከሁሉም በላይ ደብተር ያዢ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በአንድ ላይ ለስድስት ሰዓት ያህል ተቋረጡ። በዚያ ቀን የደንበኛውን ስልክ ጽፎ የያዘ ነጋዴ ደውሎ ይሸጥ ነበር፤ ያልያዘው እጁን አጣጥፎ ዋለ። ስም፣ ስልክ፣ የልጁ ዕድሜ፣ የወሰደችው መጠን። አስቢው፤ ልጅ ያድጋል። የዛሬ ዓመት የ2 ዓመት ልብስ የወሰደች እናት ዛሬ የ3 ዓመት ያስፈልጋታል። ባለቤትሽ በሰው በሰው ሽጪ ያለው ስህተት አይደለም። ኦንላይኑን ሳትዘጊ እሱንም አድርጊው። አንድ ነገር ብቻ፦ መልእክት እንድትልኪላቸው ይፈቅዱ እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ።

ለትልቅ ማስታወቂያ ገንዘብ አታጠራቅሚ። ቡስቱ ላይክ ብቻ ያመጣልሽ ላይክ እንዲያመጣ ስለታዘዘ ይመስለኛል። ስትከፍይ «ግብሽ ምንድን ነው?» ይልሻል፤ እዚያ ላይ መልእክት የሚለውን ምረጪ። ልብሱን ማድረስ የምትችይበትን አካባቢ ብቻ አመልክቺ። ያለ ክፍያ ሰው የጠየቀበትን ፖስት ነው በትንሽ ገንዘብ መግፋት ያለብሽ። ማንም ያላየውን ፖስት ገንዘብ አያስነሳውም። ስንት ላይክ መጣ አትበይ፤ ስንት ሰው ጻፈልኝ፣ ስንቱ ገዛ ብለሽ ቁጠሪ።

ፎቶውን ማታ በአምፖል ብርሃን አታንሺ። ቀለሙን ይለውጠዋል፤ ከዚያ «እንዳየሁት አይደለም» የሚል ቅሬታ ይመጣል። ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ አንሺው። አንድ ፎቶ ሙሉውን፣ አንድ ስፌቱን ከቅርብ፣ አንድ ደግሞ ገልብጠሽ ውስጡን። የውስጥ ስፌቱን ደፍሮ የሚያሳይ ሰው ጥቂት ነው። ልጅ ለብሶት ካሳየሽ ወላጆቹን አስፈቅጂ።

መጨፈሩን ለእህትሽ ልጅ ተይላት። ፊትሽን ሳታሳዪ እጅሽ ይበቃል። እናቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁሽን ጥያቄ አስታውሺ። «ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል?» ይሉሻል አይደል? እንግዲህ ስልኩን ባልዲው አጠገብ አቁሚና ቀሚሱን እጠቢው። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ጥያቄውን በጽሑፍ አሳዪ፤ ከዚያ ውሃው ንጹሕ ሆኖ ይታይ። ከሥሩ መጠኑንና ዋጋውን ጻፊ። ነገ ጠዋት ብርሃኑ ጥሩ ሲሆን በዚህ ጀምሪ።