«ልጄ እጁን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ»

ጤና ይስጥልኝ።

ለንደን የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የ16 ዓመቱ ልጄ ክሱ እስኪታይ በታዳጊዎች ማረሚያ ቤት ከታሰረ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቀው ስሄድ የገዛሁለትን የብስኩት ጥቅል በጥርሱ ሲቀድ አየሁት። ግራ እጁን ጠረጴዛው ሥር ደብቆታል። ተቆጥቼ «አውጣው» ስለው አንጓው አብጧል። «ወደ ክፍልህ ግባ» ሲሉት «ስልክ ልደውል» ብሎ በመከራከሩ ሦስት ጠባቂዎች ወለል ላይ ደፍተው እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዘውታል። «እኔ አልመታኋቸውም እማዬ» ይላል። እኔም «ዝም በል፣ ፍርድህን እንዳያከብዱብህ» ብዬው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ለዘመድ ሁሉ «ሌላ ከተማ ትምህርት ገብቷል» ስላልን የማማክረው ሰው የለኝም። አቤት ብል ይበቀሉብኝ ይሆን?

እናት፣ ከለንደን

መልስ

እህቴ፣ ልጅዎ እጁን የደበቀው ለእርስዎ አዝኖ ነው። «ዝም በል» ያሉትም ከፍቅር ነው፤ ግን ዝምታው አይጠብቀውም።

በ2004 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ሬይንስብሩክ በተባለ የታዳጊዎች ማቆያ ጋሬዝ ማያት የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ሦስት ሠራተኞች እንደያዙት ሞተ። ክብደቱ 41 ኪሎ ገደማ ነበር። መተንፈስ እንዳቃተው ነግሯቸው ነበር። የነገሩ መነሻ የዳቦ መጥበሻ አላጸዳም ማለቱ ነው። ላስደነግጥዎ ብዬ አይደለም፤ እናቱ ዝም ስላላለች ነው ያነሳሁት። ልጁን የያዙበት ዘዴ ታገደ፤ የሞቱን ምክንያት የመረመረው ችሎትም በ2007 እ.ኤ.አ. ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት በግልጽ ወቀሰ።

ሕጉ ጠባቂ ያለ አስፈላጊነት ጉልበት እንዳይጠቀም፣ ግድ ቢሆን እንኳ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሄድ ያዛል። የልጅዎ ሁኔታ ከዚህ አልፎ እንደሆነ የሚያሳየው ካሜራው ነው። የካሜራ ምስል ደግሞ ሳይቆይ ሊደመሰስ ስለሚችል ይህን ደብዳቤ አንብበው ሳይጨርሱ ለልጅዎ ጠበቃ ይደውሉ። ጠበቃው ይቅደም የምለው ጠባቂዎቹ «እሱ ነው የመታን» ብለው ጽፈው ከሆነ ልጁ በችኮላ የሚናገረው ቃል በክሱ ላይ እንዳይውል ነው። ከዚያ ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በጽሑፍ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጠቅሰው የኮሪደሩና የጠባቂዎቹ የደረት ካሜራ ምስል እንዲጠበቅ ይጠይቁ። እያንዳንዱ ጠባቂ የጻፈውን ሪፖርትና የነርሷን መዝገብም እንዲሁ። እጁ ራጅ ተነሥቶ እንደሆነ ይጠይቁ።

ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት አንድ ነገር አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ክሱን ታስሮ የሚጠብቅ ልጅ በካውንስሉ፣ ማለት በአካባቢው አስተዳደር፣ እንክብካቤ ሥር እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ ካውንስሉ የመደበለት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሄዶ ሊያየው ይገባል። ስልኩን ይዘው ያንን አንጓ በዓይኑ እንዲያይ ይጠይቁት።

ይበቀሉብኝ ይሆን ላሉት፣ አይደረግም ብዬ አልምልልዎትም። ነገር ግን ጠበቃ፣ ካውንስልና ኃላፊው በጽሑፍ የሚያውቁትን ልጅ መንካት ማንም ከማያውቀው ልጅ ይልቅ ያስፈራል።

ለዘመድ የነገሩትን ለጊዜው ይተዉት፤ ያ ሌላ ቀን ይደርሳል። ዛሬ ማታ ሲደውል ግን «ዝም በል ያልኩህ ፈርቼ ነው» ይበሉት። አስቀድመው እጁ እንዴት እንደዋለ ይጠይቁት።