የኬንታኪውን አቅኚ ፍለጋ

ጥያቄ፦ በመንዝ ጌራ ምድር፣ መሐል ሜዳ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። የሴት ልጄ ባለቤት አሜሪካዊ ነው። ቀዳሚ አያታቸው እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ ከቨርጂኒያ ተነሥቶ ኬንታኪ የገባ አቅኚ እንደ ነበር ቤተሰቡ ይናገራል፤ ከስሙ በቀር ግን የሚያውቁት የለም። የልጅ ልጄን በእናቱ ወገን እስከ ሰባት ቤት አስቆጥሬዋለሁ። የአባቱን ወገን እንዴት ላግኝለት?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ርስት በሚጠየቅበት ዘመን የመንዝ ሰው ከአቅኚው አባት መወለዱን ቆጥሮ ማሳየት ስለ ነበረበት፣ የአቅኚው ስም የታወቀ መነሻ ነበር። በኬንታኪው ጉዳይ ግን ከአቅኚው ቢነሡ መሳሳትዎ አይቀርም። የቤተሰብ ስም ሳይለወጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለሚተላለፍ፣ በአንድ ወረዳ ሦስት ሞክሼዎች በአንድ ዘመን ሊገኙ ይችላሉ፤ ጸሐፊዎችም ስሙን እንደ ሰሙት ይጽፉት ነበር። ስለዚህ ከአማችዎ ይጀምሩና እያንዳንዱን ትውልድ በልደት፣ በጋብቻና በሞት ማስረጃ እያረጋገጡ ወደ ላይ ይውጡ። በኢንተርኔት ተዘጋጅቶ የሚገኝ የዘር ሐረግ ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1790 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ ተካሂዷል፤ እስከ 1950 ያለው መዝገብ ዛሬ ለሁሉም ክፍት ነው። በ1880 የተጀመረው ዝምድናን የመጻፍ ልማድ በእጅጉ ይረዳዎታል። የ1890ው በ1921 ዋሽንግተን ላይ በተነሣ ቃጠሎ ተጎድቶ፣ ኋላ ከጥቂቱ በቀር ተወግዷል። ከ1850 በፊት ግን የሚጻፈው የአባወራው ስም ብቻ ነው፤ ሚስትና ልጆች በቁጥር ይቀመጣሉ። የኬንታኪ የ1790 እና የ1800 መዝገቦች ስለ ጠፉ፣ እዚያ ሲደርሱ ወደ ግብርና ወደ መሬት መዝገብ መዞር ግድ ነው።

አሳሹ ዳንኤል ቡን በ1775 ባስጠረገው መንገድ፣ እንደ ጣርማ በር ባለ የተራራ መተላለፊያ፣ በካምበርላንድ በር በኩል የገቡት ሰፋሪዎች የያዙት መሬት እስከ 1792 ድረስ የቨርጂኒያ ግዛት ነበር፤ ስለዚህ ፍለጋው በኬንታኪ ዋና ከተማ በፍራንክፈርት ብቻ ሳይወሰን በቨርጂኒያዋ ሪችመንድም መደረግ አለበት። የቅየሳው ወረቀት ድንበሩን ከአንድ ዛፍ ወደ ሌላ ዛፍ፣ ከዚያም ወደ ወንዝ ዳር እያለ ይቆጥራል፤ ከታች የመለኪያውን ሰንሰለት የያዙት ሰዎች ስም ይገኛል። ይህን ስም አይዝለሉት፤ ሰንሰለት ያዢው ብዙ ጊዜ ወንድም፣ አማች ወይም ጎረቤት ነው። ባል መሬት ሲሸጥም ሚስት ለብቻዋ ቀርባ ፈቃዷን ትጠየቅ ስለ ነበር፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ የሴት አያት ስም በሽያጭ ውሉ ላይ ሊገኝ ይችላል።

አቅኚው ለአሜሪካ ነጻነት ተዋግቶ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። በ1832 በወጣው ሕግ ጡረታ የጠየቁ አዛውንቶች የት እንደ ተወለዱና ከዘመቻው በኋላ የት የት እንደ ኖሩ ቃላቸውን በፍርድ ቤት አስጽፈዋል። አንዳንድ መበለቶች ደግሞ ጋብቻቸውን ለማስረዳት፣ እኛ በዳዊት ባዶ ገጽ ላይ ልደት እንደምንጽፈው ሁሉ የቤተሰቡ ልደትና ጋብቻ የተጻፈበትን ገጽ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ገንጥለው ልከዋል፤ ገጾቹ ዛሬም በዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ።

ከመሐል ሜዳ ሳይነሡ ብዙውን መዝገብ ፋሚሊሰርች በተባለው ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ማየት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን አማችዎ በሕይወት ላሉት ትልቅ ዘመዱ ደውሎ፣ የሴት አያቶቹን የአባት ቤት ስምና አያቶቹ የተቀበሩበትን ወረዳ ይጠይቅልዎት።